ቅዱስ ዮሴፍን መታወቂያ የጠየቅሁበት ጉዞ

መጋቢት 5፣ ነገሌ። ከሰዓት በኋላ

ትምባሆ ገዛች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

የምታጨስ ሴት አይደለችም። ሻይ ቤቷ ውስጥ ሲጋራ የለኮሰ ሰው ወዲያው ውጭ ውጣ ይባላል። ዛሬ ግን ገበያ መሀል ከአንዲት ትምባሆ ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን እያሸተተች ትመርጣለች። አንዱን ትጥላለች፣ ሌላውን ታነሳለች። የለመደ እጅ ነው። እኔ ከጨው ሻጩ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። በጋዜጣ አስጠቀለለችና ዘንቢሏ ሥር ከተተችው። ቡናም ገዛች፤ ጀንፈል፣ ከነልባሱ። ለሻይ ቤት የሚሆን አይደለም።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቀኛለህ። ኬላ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ይባላል። እኔ ስንጥሩን ስፈልግ ስንት ገንፎ ቀዝቅዞብኛል።

ነገሩን ላስታውስህ። ወ/ሮ የሺ ባሏ ከሞተ ቆየ። የኔዋም ከሞተች ቆየች። አባ ሚካኤል፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቆሞስ፣ ሁለታችሁም ብቻችሁን ምን ትሠራላችሁ ብለው ነገሩን አመጡ። እሷ ወዲያው እሺ አለች። እኔን ያቃተኝ ይሄ "ወዲያው" ነው። መልከ መልካም ናት። የራሷ ሥራ አላት። የጦር ካምፑ በሙሉ እሷ ጋ ነው ሻይ የሚጠጣው። አንድ እግሩን የሚጎትት የከምባታ ጡረተኛ ምን ያደርግላታል? ጡረታዬ ለስኳሯ አይበቃም። ታዲያ ምን ፈልጋ ነው?

አባ ከቅዱስ ዮሴፍ ጉዞ ስንመለስ ቁርጡን ንገሩኝ ብለዋል። እሺ ካልኩ ከፋሲካ በኋላ ስማችን በቤ/ክ ይታወጃል። እምቢ ካልኩ ደግሞ ነገሩ በዝምታ ይቀራል።

እሷም ትሄዳለች። እኔም እሄዳለሁ። የምሄደው ለጸሎት ነው ብዬ አልዋሽህም።


መጋቢት 6፣ ነገሌ። ማታ

ተጀመረ። ሚኒባሷ ሙሉ ሰው ናት፤ ጉዞው ገና ከከተማ ሳይወጣ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ሐሳቡ የሲ/ር ሉፔ ነው። ከሜክሲኮ የመጣች መነኩሲት ናት፤ እዚህ ብዙ ጊዜዋ ነው፣ ኦሮምኛዋ ከኔ ይሻላል። ቅድስት ሀገር መሄድ አንችልም፣ ስለዚህ የቅዱሱን ሕይወት በገዛ ከተሞቻችን እንሄደዋለን አለች። ነገሌ ናዝሬት ናት። ሻኪሶ ቤተልሔም። አሬሮ ግብፅ፤ በዓሉን እዚያ እናከብራለን። በየከተማው ሦስት በር ይንኳኳል። ሁለቱ እምቢ ይላሉ፣ ሦስተኛው ያስገባል። በሀገሯ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ዮሴፍ ማርያምን ይዞ ማደሪያ ያጣበትን ለማስታወስ። እምቢ የሚሉት ሰዎች አስቀድሞ ይነገራቸዋል፣ ቃላቸውን ያጠናሉ።

ምስሉን የምሸከም እኔ ነኝ። የእንጨት ቅዱስ ዮሴፍ፣ ክንድ የሚያህል። ለምን እኔ? አባ ያውቃሉ። ከሷ ጎን እንድሄድ ነው።

የመጀመሪያው በር ወ/ሮ ዳሚቱ ናት። "ቦታ የለንም፣ ሂዱ" እንድትል አንድ ሳምንት ተለማምዳለች። አንኳኳን። በሩን ከፈተች። ምስሉን አየች፣ እኛን አየች፣ አቧራችንን አየች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ አለቀሰች። ግቡ፣ ግቡ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታስወሩኛላችሁ ብላ ሲ/ር ሉፔን ተቆጣች። ገባን።

ሁለተኛው በር የአንድ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የቀሩ። እሱ ጨክኖ እምቢ አለ። ዘጋብን። ደስ አለን። ገና ዞር ሳንል በጓሮ በር ሰው ልኮ ወንበርና ውሃ አስወጣ። ራሱም ተከትሎ ወጣ፤ አልቻልኩም አለ።

ሲ/ር ሉፔ ተከፋች። እምቢ የሚል ከሌለ የዮሴፍ ድካም የት ይታያል ትላለች። ካቴኪስታችን፣ ሃይማኖት አስተማሪያችን ገልገሎ፣ የቦረና ልጅ ነው። በጨዋታም ቢሆን እንግዳን ከደጅ መመለስ እዚህ ነውር ነው፣ ሰዎቹን ያለ ነገራቸው ነው ያስገባችኋቸው ብሎ አስረዳት። አባ ሳቃቸውን በመሐረብ ያዙ።

ማታ ስብከቱ ስለ ዮሴፍ ጥርጣሬ ነበር። እጮኛው ፀንሳ ባገኛት ጊዜ ጻድቅ ስለ ነበር ሊያሳፍራት አልወደደም፤ በስውር ሊተዋት አሰበ። እስከዚህ ድረስ ከዮሴፍ ጋር ነኝ። ከዚያ መልአክ በሕልም መጣለት። እኔ እንቅልፌ ቀላል ነው፣ ሕልም አላይም። ስለዚህ ራሴ ማጣራት አለብኝ።

ይኸውልህ አንድ ማስረጃ። ከጸሎቱ በኋላ የሺ ግድግዳ ጥግ ቆማ በስልክ በኦሮምኛ ታወራለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ። የኔ ኦሮምኛ የኬላ ኦሮምኛ ነው፦ ቁም፣ ክፈት፣ ውረድ፣ ሂድ። "አባኮ" ያለችውን ግን ሰማሁ። አባቴ ማለት ነው። አባቷ ወታደር ነበር። መቃብሩን ከካምፑ ጀርባ አውቀዋለሁ፤ በሙታን ቀን ስታፀዳው አይቻታለሁ። ታዲያ የትኛው አባት ነው ስልክ የሚያነሳው?


መጋቢት 7፣ ሻኪሶ። ከሰዓት በኋላ

በክብረ መንግስት አድርገን መጣን። ቁጥቋጦው ቀረ፣ ጫካው መጣ። አየሩ ቀለለ። እሷ ከፊቴ ወንበር ላይ። ዘንቢሉ እግሮቿ መሀል። ላንሳልሽ አልኳት፣ ግድ የለም አለች። ድጋሚ አልኳት። ግድ የለም ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ዮሴፍን ይያዙ።

ሻኪሶ የወርቅ ከተማ ናት። ሰው ሁሉ ኪሱን እየነካ ነው የሚሄደው። ከመውረዳችን ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው መንገድ ተሻግሮ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጥ ብሎ ወደ የሺ። አቀፋት። እሷም አቀፈችው፤ አንገቱን ይዛ፣ ረዥም። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ገበያው። ለአባ መጣሁ ብላ ብቻ ነው የሄደችው። እኔን አላየችኝም።

እኔ ግን ተከተልኳቸው። በዚህ እግሬ! አንድ ሱቅ ገብተው ቁጭ አሉ። ውስጥ መግባት አልቻልኩም። ስለዚህ ማጣራት ጀመርኩ። ሻይ የምትሸጠውን ጠየቅኋት፦ ያ ጃኬት ማነው? ቦሩ ይባላል፣ ወርቅ ይገዛል። ሴትዮዋስ? ትመጣለች፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ። የት ታድራለች? እሱ ቤት። የባጃጅ ሹፌሩን ጠየቅሁ። እሱም እሱ ቤት። የሱቁን ጎረቤት ጠየቅሁ። ሰውየው ግን መልሶ እኔን ጠየቀኝ፦ አንተ ማነህ? ምኗ ነህ?

 እግሬን እየጎተትኩ ተመለስኩ።


መጋቢት 7፣ ሻኪሶ። አመሻሽ

ሁለት ነገር ተፈጸመ። ሁለቱንም እኔ ነኝ የፈጸምኳቸው።

መጀመሪያ፦ የሻኪሶው በርም አልሆነም። እምቢ ይል ዘንድ የተነገረው ወርቅ ቆፋሪ ጭራሽ ወደ ሦስተኛው በር እንዳንሄድ መንገድ ላይ ቆመ። ምስር ወጥ አሠርቷል፤ ትበላላችሁ፣ ከዚያ የፈለጋችሁበት ሂዱ። ሲ/ር ሉፔ ራሷን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እርስዎ ኬላ ጠባቂ ነበሩ፣ ሰው መመለስ ያውቃሉ አለችኝ። ሰደበችኝ ወይስ አመሰገነችኝ? እሺ አልኩ። ምስሉን ለየሺ አስያዝኳት። የካቴኪስቱ ጓደኛ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አንኳኩ። ከፈትኩ። የድሮው ድምፄ በራሱ መጣ። ከየት ነው? ወዴት ነው? መታወቂያ? ምስሉን ወደ ላይ ወደ ታች አየሁት፤ ይህ ሰውዬ መታወቂያ አለው? ማን ያውቃችኋል እዚህ? ሰዉ በሳቅ ሞተ። አባ ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሲ/ር ሉፔ እጇን አጨበጨበች። ከጉዞው መጀመሪያ ጀምሮ የመጀመሪያው እምቢታ።

የሺ አልሳቀችም። ምስሉን እንደያዘች አየችኝ። የሚያውቀን ሰው አለ፣ እርስዎ ስላልጠየቁት ነው አለች። በዝግታ ነው ያለችው። ሰው ሁሉ የጨዋታው አካል መሰለው።

ሁለተኛው፦ እራት ላይ ሳሉ አልቤርጎው ውስጥ ገባሁ፣ ዘንቢሏን ፈታሁ። አዎ፣ ፈታሁ። ነጠላ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ጀንፈሉ፣ ትምባሆው። ትምባሆውን አወጣሁና ለአልቤርጎው ዘበኛ ሰጠሁት። ሽማግሌ ነው፣ መርቆኝ ተቀበለ። መልሼ አሰርኩት።

ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ዘዴ ነው። ኬላ ላይ የአንዱን ዕቃ ደብቀህ ፊቱን ታያለህ። ንጹሕ ሰው ይጠይቃል። ንጹሕ ያልሆነ ይደነግጣል፣ ዝም ይላል።


መጋቢት 8፣ መንገድ ላይ፤ ነገሌ አድረን ነገ ወደ አሬሮ

ደነገጠች። ዝም አለች።

ክብረ መንግስት ለምሳ ስንቆም ዘንቢሉን ከፈተች። እጇን እስከ ታች ሰደደች። ነጠላውን አወጣች፣ አራገፈች። ድጋሚ ፈለገች። ከዚያ የታሰረበትን ገመድ አንስታ አየችው። መልሳ አስቀመጠች። ማንንም አልጠየቀችም። እስከ ነገሌ ድረስ በመስኮት እያየች ሄደች።

ስለዚህ ነገር አለ። አላልኩህም? ልክ ነበርኩ።

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ምሳ አልበላሁም። አባ አመመህ እንዴ አሉኝ። ልንገራቸው ብዬ ነበር። ቁርጡ ታውቋል፣ ይቅር ልላቸው። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷ ያን ጊዜ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ።  ብርጭቆውን ስቀበላት እጇ ቀዝቃዛ ነው።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህና ገጹን እንገልብጠው። ላጣት አልፈልግም።


መጋቢት 9፣ አሬሮ። ማምሻውን

ብርሃኑ እየደከመ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበህ ይቅር።

በዋጪሌ በኩል መጣን። መሬቱ ቀይ፣ ሰማዩ ነጭ። ከብቱ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ዝናቡ ገና ነው። አሬሮ ስንደርስ ከሚኒባስ ወርደን በእግር ገባን፣ መዝሙር እየዘመርን። ግብፅ ደረስን።

የመጀመሪያው በር አንዲት አሮጊት። እምቢ ማለት አላሰቡትም። ወተት በጮጮ ይዘው ወጡ። ጾም ነው። ሁላችንም አባን አየን። አባ በዚህ ድርቅ የተሰጠ ወተት አይመለስም ብለው ጠጡ። እኔም ከንፈሬን አስነካሁ።

ሁለተኛው በር ትልቅ ግቢ ነው፣ በእሾህ አጥር የታጠረ። ሽማግሌ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ጥምጥም፣ እጃቸው ላይ በትር። ገልገሎ ኦቦ ጃርሶ ናቸው አለኝ፤ እሳቸው ያሉት እዚህ ይሰማል። ሲ/ር ሉፔ ቃሏን በኦሮምኛ ጀመረች፦ ከሩቅ የመጣን ነን፣ ሴቲቱ ደክማለች፣ ማደሪያ ስጡን።

ሽማግሌው እሷን አላዩም። ምስሉንም አላዩም። እኔን ነው የሚያዩት። ከዚያ በበትራቸው ጠቆሙኝ። ገልገሎ ወደ አማርኛ መለሰ፦ "ሌሎቻችሁ ግቡ። ይሄ ሰው ግን አይገባም።"

ሰዉ እልል አለ። በመጨረሻ! ሲ/ር ሉፔ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዴት ያለ ትወና ነው፣ እንዴት ያለ ፊት። አባም አጨበጨቡ። ሽማግሌው ግን መናገራቸውን አላቆሙም። ገልገሎ መተርጎሙን ቀጠለ፤ ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ለኔ ብቻ የሚሰማ ሆነ።

እንዲህ ነው ያሉት። ይህ ሰው ሻኪሶ ላይ ስለ ልጄ ከሻይ ሻጭ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ጎረቤት እየዞረ ጠይቋል። ልጄ ቦሩ ደውሎ፣ እግሩን የሚጎትት ነው ብሎ ነግሮኛል። ሊገዛት ያሰባት ላም ናት? እኔ እዚህ አለሁ፣ እኔን አልጠየቀኝም። አሁንም ባዶ እጁን ደጄ ላይ ቆሟል።

ልጄ። ልጄ ቦሩ። ልጄ የሺ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነገሩ አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ያዘ። ያ ጃኬት ወንድሟ ነው። ስልኩን ያነሱት እኚህ ናቸው።

አንዱ መጥቶ ምስሉን ከእጄ ወሰደ። ቅዱስ ዮሴፍ ገባ። ሁሉም ገቡ። እኔ አጥሩ ውጭ ቀረሁ። ሰዉ አሁንም ጨዋታ መስሎት ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ አይዞህ፣ ሦስተኛው በር አለልህ ይለኛል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እኔ ሰው እያጣራሁ ሳለሁ ስለኔ አሬሮ ድረስ ተነግሮ አልቋል።


መጋቢት 10፣ አሬሮ። የቅዱስ ዮሴፍ በዓል

ሚኒባስ ውስጥ አደርኩ። ጠዋት ቅዳሴ ሆነ፣ ትልቁ ግራር ሥር። እኔ ከኋላ።

ከቅዳሴ በኋላ የሺ መጣች። ጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች።   እሷ ተናገረች።

አባቷ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ ቀድማ ሞታለች። ኦቦ ጃርሶ ለካምፑ ከብት ያቀርቡ ነበር፣ ከአባቷ ጋር ወዳጅ ነበሩ። ወስደው አሳደጓት። በነሱ ወግ ካሳደጉ አሳደጉ ነው፣ ልጅ ልጅ ነው፤ የማደጎ ልጅ ብሎ መጥራት ስድብ ነው። ትልቅ ስትሆን ለትምህርት ነገሌ ሲስተሮች ጋ ላኳት። የመጀመሪያ ባሏን እሳቸው ናቸው የዳሯት። ሁለተኛውንም ሳያዩ አይሆንም። አባ ጉዞው በአሬሮ ያልፋል ሲሉ ደስታዋ ለዚህ ነበር፤ እኔን ልታሳያቸው። እርግጠኛ ባትሆን ኖሮ እሺ እንደማትል ነገረችኝ። ለምን እኔን አልኳት። አቀርቅሬ ነው ያልኳት። ሻይ ጠጥተው ብርጭቆውን ራስዎ ወደ ማጠቢያው የሚመልሱት እርስዎ ብቻ ነዎት አለች። በቃ? በቃ። ያንን ያህል ቆየት ብዬ አይቼዎታለሁ አለች።

ከዚያ ወደ ትምባሆው ደረሰች። ልጅ የሚጠይቅ ሰው ወደ አባት ትምባሆና ጀንፈል ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ እንደማላውቅ ታውቃለች። ስለዚህ ራሷ መርጣ ገዛች፣ አባቷ የሚወዱትን ዓይነት። ደጃቸው ስንደርስ ቀስ ብላ እጄ ውስጥ ልታስቀምጠው ነበር፣ እኔ ያሰብኩበት እንዲመስል።

እንደገና ልጻፈው፤ ማመን ስላቃተኝ። ሴትዮዋ የገዛ ጥሎሽዋን ገዝታ ልታከብረኝ ይዛልኝ መጣች። እኔ ፈትሼ ለዘበኛ ሰጠሁት።

ሳልነግራት አወቀች። ቋጠሮው የኔ አልነበረም፣ የወታደር ቋጠሮ ነው አለች። ሌባ ደግሞ ፈቶ ይሄዳል እንጂ መልሶ አያስርም። ክብረ መንግስት ላይ ገመዱን ስታይ ነው ያወቀችው። ለምን አልጮህሽብኝም? ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ አለች። ውሃውን የሰጠችኝ ያን ጊዜ ነው፤ አፌን ከከፈትኩ ብላ።

ይቅርታ አልኳት። ይቅርታው ጥሩ ነው፣ ግን እሱ አይደለም ያስከፋኝ አለች። ሻይ ሻጯን ጠየቁ። የባጃጅ ሹፌሩን ጠየቁ። የቦሩን ጎረቤት ጠየቁ። ዘንቢሌን ሳይቀር ጠየቁ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ? የማን ልጅ ነሽ ብለውኝ ያውቃሉ?

አላውቅም። አንድም ቀን።

ተነሳች። አቧራዋን አራገፈች። አባቴ እልኸኛ ነው፣ ሰው ግን አይጠላም፤ የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት እዚህ የለም። እኔ ግን ለምኜ አላስታርቅዎትም። ነገ ሚኒባሱ ወደ ነገሌ ይሄዳል። እኔ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ። እርስዎ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ሄደች። 

ሁሉም ሰው በዓሉን እየበላ እየጠጣ ነው። ለሲ/ር ሉፔ አባ ነገሩን ነገሯት መሰለኝ፤ መጥታ ፊቴ ቆመች፣ እሱ ጨዋታ አልነበረም እንዴ አለችኝ። አልነበረም አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች።


መጋቢት 11፣ አሬሮ። ጠዋት

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ ወርጃለሁ። ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነው።

አባ አብረውኝ ቀርተዋል። ገልገሎም። ሽማግሌ ሆነን ከአንተ ጋር እንገባለን አሉ። ያለ ሽማግሌ አንድ ሰው ብቻውን ደጅ ቢቆም ለማኝ ነው አለኝ ገልገሎ። ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሄደዋል። እኔ ገበያ ወጣሁ።

ትምባሆ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። እያሸተትኩ መረጥኩ፤ የቱ ጥሩ እንደሆነ አላውቅም፣ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ነው። ሴትዮዋ ሳቁብኝ፣ ራሳቸው መረጡልኝ። በኦሮምኛ ሰላምታ ናጋ ናጋ ተባባልን። ለማን ነው አሉኝ፣ አማርኛቸው ደህና ነው። ለኦቦ ጃርሶ። እጃቸው ቆመ። እግሬን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ለየሺ ነው? አዎ ለየሺ።

ከዚያ ወደ እኔ ተጠጉ። ድምፃቸውን ቀነሱ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ አሉ። ጥሩ ልጅ ናት። ግን ልጄ፣ እዚያ ደጅ ከመግባትህ በፊት ስለሷ ልታውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማንም አይነግርህም። እኔ ልንገርህ።

ደብተሬ፣ ጆሮዬ ራሱ ወደሳቸው ሲሄድ ታወቀኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዲህ ሲለኝ ነው የኖርኩት፤ ኬላ ላይ ለእንደዚህ ያለ ወሬ ውሎዬን እሸጥ ነበር። ምንድነው? ስለ መጀመሪያ ባሏ ነው? ልጅ አላት? በሽታ አለባት? ጥፋት ይሁን ደግነት እንኳ አላውቅም።

አይንገሩኝ አልኳቸው።

ያልሰማሁ መሰላቸውና ደገሙት። አይንገሩኝ እናቴ፣ ነገሩ እሷ ጋ አለ፣ እሷን እጠይቃታለሁ። ሴትዮዋ ተቀየሙኝ። ትምባሆውን ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

አሁን ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ጆሮዬ ያሳክከኛል። ሴትዮዋ ከዚህ ይታዩኛል፤ ገና ገዢ አልመጣላቸውም። ሄጄ ብጠይቃቸው ሁለት ደቂቃ ነው። ማንም አያየኝም።

አባ መጡ። ገልገሎ በትር አውሶኛል፣ እንደ ወጉ። በሩ ተከፍቷል፤ የሺ ግቢው ውስጥ ውሃ ስትቀዳ ትታያለች። አላየችኝም። ኦቦ ጃርሶ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አይተውኛል፣ ግባም አላሉኝ፣ ሂድም አላሉኝ።

ዛሬም እምቢ ይሉኛል ብሏል ገልገሎ። ነገም ሊሉ ይችላሉ። እሺ። እኔ ግን ከሳቸው በፊት የምጠይቃት አለችኝ። የማን ልጅ ነሽ ብዬ ነው የምጀምረው። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ከሷ አፍ አልሰማሁትም። ከዚያ ሌላውን። እስከፈለገችበት ድረስ ትንገረኝ፣ ያልፈለገችውን ትተወው፣ እኔ

አባ እየጠሩኝ ነው።